ሁላችንም ሁለት ተኩል ያልን ጠዋት

ዘነበች ማረፏን የነገረኝ ዘመድ አይደለም። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሞተሩን አጠፋና ወረደ፤ የራስ ቁሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ሙዜ፣ ማማ ኮምፒውታ የለችም" አለኝ። ሙዜ ማለት እዚህ አገር ሽማግሌ ነው።

"የት ሄደች?" አልኩት።

መሬት መሬቱን አየ። ያኔ ገባኝ።

ካምፓላ ውስጥ፣ የናሙዎንጎ ሰፈር ቦዳዎች የሚያውቋት በዚህ ስም ነው። ለኛ ለሐበሾቹ ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ ለኔ ዘነቡ። አሠሪዬ አቶ ሰይፉ ሲያሾፍ "ወይዘሮ ዶክተር" ይላት ነበር። እሷ እንደ ስድብ አትወስደውም። "ዶክተር ከሆንኩማ ተራዎን ይጠብቁ" ትለዋለች።

ኪዋቱሌ፣ እህቷ ቤት፣ ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው በረድ ሲል ሰው እንደ ልማዱ ስለ ሟች ማውራት ጀመረ። አቶ ሰይፉ ያቺን የኮምፒውተር ታሪክ አነሣ። ደህና አድርጎ አወራና "ራሷ አሳምማ ራሷ አዳነችው" ብሎ ጨረሰ። ሰው ፈገግ አለ፤ እህቷም ፈገግ አለች። ክፋት የለበትም፣ በፍቅር ነው ያወራው። ግን እውነት አይደለም። አቶ ሰይፉ እውነት አለመሆኑን አያውቅም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀርቷል። እኔ ነኝ።

ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ ከብዕር ይልቅ መጥረጊያ ይለምዳል። ሆኖም የሰው ስም ተጣሞ ከሚቀር የኔ ፊደል ተጣሞ ቢታይ ይሻላል።

ዘነቡ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። የጽሕፈት መኪና የሚጠግን አጎት ነበራት፤ እጇን የፈታችው እዚያ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እሱን ተከትላ ካምፓላ መጣች። ሲሞትባት አልተመለሰችም። ናሙዎንጎ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ሬዲዮ መጠገን ጀመረች። ከሬዲዮ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሄደች። አንድ ቀን ማን አስተማረሽ ብዬ ጠየቅኳት።

"የተበላሹት" አለችኝ። "ደህናው ምን ያስተምራል ጋሼ?"

አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ። የታመመ ኮምፒውተር ወደ ቤቷ ስትወስድ በቦዳ ላይ አዝላው ነው የምትሄደው። በጋቢ ትጠቀልለዋለች፣ ጀርባዋ ላይ ትጭነዋለች፣ በነጠላ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች፤ ልክ እንደ ሕፃን። እኔ የምሠራበት የካባላጋላ ሰፈር ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይስቃል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ። "ካርቶን ውስጥ ብታደርጊው ምን ነበር?" ብላት፣ "ጉድጓድ ሲመጣ ካርቶን አይታጠፍም፤ የኔ ወገብ ይታጠፋል" አለችኝ። የካምፓላን ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ አይስቅም።

ማሽን ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ቀጥላ ጆሮዋን ጎኑ ላይ ትለጥፋለች። ስትፈታው ብሎኖቹን የምትደረድረው በእንቁላል ትሪ ላይ ነው፤ ትሪውን ባዶ ሲሆን ከቤቷ በታች ያለው፣ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል የሚጠብሰው ልጅ ይሰጣታል። የመጀመሪያው ብሎን የመጀመሪያው ጉድጓድ፣ ሁለተኛው ሁለተኛው። ስትገጥመው ከኋላ ወደ ፊት ትመጣለች። አንድም ቀን ብሎን ተርፏት አላየሁም። ሌሎች ሲጠግኑ ሁለት ሦስት ይተርፋቸውና ሰው ሳያይ ኪሳቸው ይከቱታል። ሰው አያይም ብለው ነው እንጂ እኔ አያለሁ። ጥበቃ ሥራው ማየት ነው።

አንድ አባባል ነበራት። ማሽን ተበላሸ ብለው ሲጠሯት ባለቤቱ ብዙ ያወራል፤ አልነካሁም፣ አልጣልኩም፣ ውሃ አላፈሰስኩም ይላል። ሁሉንም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና፣ "ሕመምተኛ አይዋሽም። የሚዋሸው አስታማሚ ነው" ትላለች። ከዚያ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ይሄን ነገር አስቡልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አቶ ሰይፉ ካባላጋላ ላይ የአየር ትኬት ቢሮ አለው። በሩን የምጠብቀውም ወለሉን የማጸዳውም እኔ ነኝ። ትኬት የምትቆርጠው ናካቶ ናት። የዚሁ አገር ልጅ፣ ሙጋንዳ ናት፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ሥራ የምታውቅ ሴት። ከኛ ጋር ብዙ ከመቆየቷ የተነሣ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን የምትወደው ሦስት ቃል ነው፦ እሺ፣ እምቢ፣ ቆይ።

ነገሩ የጀመረው መብራት እየጠፋ ሲያስቸግር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ይጠፋበታል። ዘነቡ ተጠራች። ከፍታው፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አውጥታ በአዲስ ለወጠች። ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት አለችኝ። ከዚያ ወደ ጎን ጠራችኝ።

"ጋሽ በላቸው፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚገቡት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"ከኔ በፊት የሚገባ ዝንብ ብቻ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው አደራ አለብዎት። ይሄ ማሽን ሰው ካልነካው ይተኛል፤ አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ ይነቃል። በየጠዋቱ ይቀስቅሱትና ሰዓቱን ከክንድ ሰዓትዎ ጋር ያስተያዩ። ባትሪዋ ሐሰተኛ ትሆናለች፣ ይሄ ገበያ አይታመንም። ልክ ካልሆነ እንዲህ አድርገው ያስተካክሉ" አለችና እጄን ይዛ አሳየችኝ። እዚህ ጫን፣ እዚያ ጫን፣ ቁጥሩን ቀይር፣ በቃ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ቁጥርማ አውቃለሁ።

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩን ንካ ያለኝ ሰው አልነበረም። አቧራውን ስጠርግ እንኳ "ቀስ" ይሉኛል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማሽኑ አበደ።

ናካቶ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ቁልፍ ትጫናለች፣ ማሽኑ ከእንቅልፉ ይነቃል። ስሟን ትጽፋለች፣ ምሥጢር ቃሏን ትጽፋለች። ትኬት የሚቆረጥበት ገጽ ግን ይሄ አይበቃውም፤ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን የሚያወጣላት እዚያው ማሽኑ ላይ ያለ ትንሽ መስኮት ነው፤ በየግማሽ ደቂቃው አዲስ ቁጥር ይወልዳል። ያወጣላትን ትጽፋለች። ገጹ "ልክ አይደለም" ይላል። እንደገና ትጽፋለች። ልክ አይደለም። ሦስተኛው ላይ ዘግቶባት ይቀመጣል።

"ጋሼ፣ እምቢ" ትለኛለች እጇን አንሥታ።

ከምሳ በኋላ ሲሞክሩት ደግሞ እንደ በግ ነው። ቁጥሩን ይቀበላል፣ ትኬቱን ይቆርጣል፣ ምንም የለበትም። ጠዋት ግን ከእንቅልፉ ሲነሣ አይሆንም። መንገደኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ወደ ጎረቤት ቢሮ ይሄዳል።

ዘነቡ ተጠራች። ጠዋት ጠዋት ሌላ ቦታ ስለምትሠራ ወደኛ የምትመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ስትመጣ ማሽኑ ደህና ነው። ታስተኛዋለች፣ ትቀሰቅሰዋለች፤ ይነቃል፣ ቁጥሩን ይቀበላል። አሥር ጊዜ አስተኝታ አሥር ጊዜ ቀሰቀሰችው። ደህና ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እምቢ።

"ወይዘሮ ዶክተር፣ በሽተኛው እርስዎን ሲያይ ይድናል፤ ሲሄዱ ይወድቃል" አላት አቶ ሰይፉ። "አብረውት ይደሩ እንዴ?"

"ቢታዘዝልኝ አድር ነበር" አለችው። ግን ፊቷ አልሳቀም።

በሁለተኛው ጊዜ ማሽኑ ጭራሽ እንዳይተኛ አደረገችው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ አደረ። ጠዋት ናካቶ ገባች። እምቢ። ዘነቡ ይሄን በስልክ ስትሰማ፣ "እንግዲያው እንቅልፉ አይደለም" አለች። "ሳይተኛም ታመመ። እንቅልፉን በከንቱ ነው የምናማው።"

በሦስተኛው ጊዜ መጥታ ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቀች። ናካቶን ጠየቀች። አቶ ሰይፉን ጠየቀች። እኔን ጠየቀች።

"ጋሼ፣ ጠዋት ማሽኑን የሚነካ ሰው አለ?"

"ማንም አይነካውም" አልኳት። "እኔ እዚህ ቆሜ ማን ይነካዋል?"

ይሄን ስል አልዋሸሁም፤ ወይም አልዋሸሁም መስሎኝ ነበር። መንካት ማለት ለኔ ያለ ፈቃድ እጅ መስደድ ነው። እኔ የተሰጠኝን አደራ ነው የምወጣው። ስጠርግ ወለሉን ነካህ እባላለሁ እንዴ? ሰዓቱ በየጠዋቱ ልክ እንዳልነበረም አልነገርኳትም። ባትሪዋ ሐሰተኛ ሆናለች ብዬ ነበር። ይሄን ብነግራት ዕቃሽ ገና ሳምንት ሳይሞላው ተበላሸ እንዳልኳት ትቆጥረዋለች፤ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ሳላማርር አስተካክልላታለሁ። በቃ፣ ለሷ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት አቶ ሰይፉ ትዕግሥቱ አለቀ። ቢሮው መሀል ቆሞ ነገራት። መንገደኞችም እየሰሙ ነው።

"ሰኞ ሁለት ተኩል ላይ ከመሀል ከተማ ባለሙያ ይመጣል። እስከዚያ ካልዳነ ማሽኑን ለሱ ነው የምሰጠው። ለሌሎቹም ደብቄ አልይዝም። ማኅበራችን ሰኞ ማታ ይሰበሰባል፤ ሴትዮዋ አልቻለችም እላለሁ።"

ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ተቆጥረን የምንታወቅ ነን። ምግብ ቤቱ፣ ጭነት ላኪው፣ ሙየንጋ ላይ ትልልቅ ቤት የሚያከራዩት፣ ሁሉም ዘነቡን የሚጠራው አንዱ ለአንዱ ነግሮ ነው። ሱቅ የላትም፣ ሰሌዳ የላትም። ያላት ስሟ ብቻ ነው። አንድ ሰው በስብሰባ ላይ አልቻለችም ካለ አለቀ። ድሮም "ሴት ምን ታውቃለች?" የሚል አፍ ተከፍቶ የሚጠብቅ ነበር።

እሷም አውቃዋለች። "ሰኞ እዚህ ነኝ" አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች። የዚያን ቀን ቦዳ አልጠራችም፤ በእግሯ ወደ ናሙዎንጎ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። እኔ ያን ቅዳሜና እሑድ እህል አልበላሁም ማለት ይቻላል። ተናድጄ ነው። በማሽኑ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የጠዋት ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። ጭጋግ ነበር፤ ትከሻዋ ርሷል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ይታዘዙልኝ" አለችኝ። "በየቀኑ የሚያደርጉትን ሁሉ ያድርጉ። ምንም አይጨምሩ፣ ምንም አይቀንሱ። እኔ የለሁም።"

"እንዴት የለሽም? ይኸው ቆመሻል።"

"የለሁም አልኩ።"

ገባችና ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ታየኝ ጀመር። ሰው እያየ መጥረግ ከባድ ነው፤ ግን ጠረግኩ። መስኮቱን ከፈትኩ። ወንበሮቹን አቀናሁ። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ማሽኑን ቀሰቀስኩ፣ ክንዴን አየሁ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ መልሼ እንዲተኛ ተውኩት።

ዞር ስል ቆማለች።

"ጋሽ በላቸው" አለች ቀስ ብላ። "ክንድዎን ያሳዩኝ።"

ዘረጋሁላት። ክንዴን ያዘችና ክንዷን አጠገቡ አደረገች። ሁለቱን ሰዓቶች አየን። የሷ ሰባት ሰዓት ከአምስት ይላል። የኔ አንድ ሰዓት ከአምስት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አብዛኛው ሐበሻ ክንዱ ላይ ሰባት እያየ በአፉ አንድ ሰዓት ይላል። ልጅ ሆኖ ለምዶታል፣ አይታወቀውም። እኔ ይሄን ነገር በሕይወቴ አልተቀበልኩም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓቴ አንድ ማለት አለበት። ሰዓት ለማየት ሒሳብ አልሠራም። ከሚስቴ ጋር፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል፤ አልለወጥኩም።

"ከክንድ ሰዓትዎ ጋር ያስተያዩ ብዬዎት ነበር" አለች ዘነቡ።

"አስተያየሁ። በየቀኑ። ማሽኑ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይስታል፤ ባትሪሽ ሐሰተኛ ናት።"

"ስድስት ሰዓት" አለች።

"ድፍን ስድስት። አንድ ደቂቃ አይጨምርም፣ አንድ ደቂቃ አይቀንስም።"

ይሄን ስናገር የገዛ ድምፄን ሰማሁት። በየሌሊቱ ድፍን ስድስት ሰዓት የሚስት ምን ዓይነት ባትሪ ነው? ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሳቀችብኝ? አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀመጠችና እንዲህ አስረዳችኝ። ያ ናካቶ የምትጽፈው ቁጥር የሚወለደው ከሰዓቱ ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ ቁጥሩ ገና ሲወለድ የሞተ ነው። ማሽኑ ቀን ላይ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጠይቆ ራሱን ያርማል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ይድናል። ጠዋት እኔ መልሼ አሳምመዋለሁ።

"የኔ ሰዓት ትክክል ነው" አልኳት።

"ትክክል ነው" አለች። "ትክክል አይደለም ያለ ሰው የለም ጋሼ።"

ተነሥቼ እጄን ወደ ማሽኑ ሰደድኩ፤ አሁኑኑ ላስተካክለው። እጄን ያዘችው።

"ይተዉት። እነ አቶ ሰይፉ በሽታውን ሳያዩት ቢድን መዳኑን አያምኑም። ይምጡ።"

መጡ። ናካቶ መጣች። አቶ ሰይፉ መጣ፤ አብሮት ከመሀል ከተማ ያመጣው ሰውዬ፣ ቦርሳ የያዘ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ እሱም ሙጋንዳ። ናካቶ ስሟን ጻፈች፣ ቁጥሩን ጻፈች። ልክ አይደለም። ደገመች። ልክ አይደለም።

"እምቢ" አለች።

አቶ ሰይፉ ወደ ዘነቡ ዞረ። "እንግዲህ..." ብሎ ሊጀምር ሲል እጇን አነሣች።

"አቶ ሰይፉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ምን?"

"ሰዓት። ስንት ነው?"

ስልኩን አየ። "ሁለት ተኩል። ያልኩትም ሁለት ተኩል ነው።"

"ናካቶ፣ አንቺስ?"

ናካቶ ማሽኑ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። "ሳዋ ቢሪ ኔኪቱንዱ" አለች። በነሱ ቋንቋ ሁለት ተኩል ማለት ነው። ባጋንዳ፣ የናካቶ ወገኖች፣ እነሱም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ይሄን የማታውቁ ካላችሁ እወቁ። ከመሀል ከተማ የመጣውን ሰውዬ ጠየቀችው፤ እሱም ክንዱን አይቶ ሳዋ ቢሪ ኔኪቱንዱ አለ። በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

"ጋሼ?"

"ሁለት ተኩል" አልኩ።

ዘነቡ ጣቷን ማሽኑ ላይ፣ ጥግ ያለችው ትንሽ ሰዓት ላይ አደረገች። "ይኸው፣ እሱም ሁለት ተኩል ይላል። ሁላችንም ተስማማን። ችግሩ መስማማታችን ነው።"

አቶ ሰይፉ ስልኩን ደግሞ አየ።

"የሁላችሁም ስልክ ላይ ያለው ስምንት ተኩል ነው" አለች። "ዓይናችሁ ስምንት ያያል፣ አፋችሁ ሁለት ይላል። ለምዳችሁታል። ስለዚህ ይሄ ማሽን ሁለት ሲል ማንም አልደነገጠም። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በነሱ አቆጣጠር ሌሊት የሆነውን ሁለት ሰዓት የሚል ማሽን ሲያይ በመጀመሪያው ቀን ይጮህ ነበር። እኛ ግን ሐበሻም ሙጋንዳም አይተን፣ ልክ ነው ብለን አለፍን። ትኬቱን የሚሰጠው ገጽ ያለው ሌላ አገር ነው፤ እሱ እንደኛ አይቆጥርም። በሌሊት መጣችሁ ብሎ በር ዘጋብን።"

እዚህ ጫነች፣ እዚያ ጫነች፣ ሁለቱን ስምንት አደረገችው። "ጻፊ" አለቻት ናካቶን።

ናካቶ ጻፈች። ገጹ ተከፈተ።

አንድ መንገደኛ ነበር፣ ዓርብ ተመልሶ የሄደ፣ ሰኞ ደግሞ የመጣ። ትኬቱ ከማተሚያው ሲወጣ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። ከመሀል ከተማ የመጣው ሰውዬ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ለዘነቡ አጨበጨበላት። እውነቴን ነው። ብቻውን ነው ያጨበጨበው፤ ቀጥላ ናካቶ፤ ከዚያ መንገደኛው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

አቶ ሰይፉ ግን ነጋዴ ነው፣ ሥሩን ሳያይ አይተውም።

"ቆይ" አለ። "ሰዓቱን ማን ነው የቀየረው?"

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ዘነቡ እግሬን ረገጠችኝ። ጠረጴዛው ሸፍኖን ነበር፣ ማንም አላየም። በተረከዟ ነው፣ አጥብቃ፣ እግሯንም አላነሣችም።

"እኔ ነኝ" አለች። "ባትሪውን ስለውጥ ሰዓቱን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አቶ ሰይፉ አያት፣ አያትና ሳቀ። "ራስዎ አሳምመው ራስዎ አዳኑት በሉኛ፣ ወይዘሮ ዶክተር!"

"ዶክተርም እንዲህ ያደርጋል አንዳንዴ" አለች። እግሯ አሁንም እግሬ ላይ ነው።

ስትሄድ በር ላይ ያዝኳት። ለምን ዋሸሽ አልኳት፤ እኔ ጥፋቴን በሰው ትከሻ ላይ ጭኜ አላውቅም አልኳት። ተቆጥቼ ነበር።

"አልዋሸሁም" አለችኝ። "ከክንድ ሰዓትዎ ጋር ብዬ ያዘዝኩት ማን ነው? ክንድዎን ሳላይ? ሕመምተኛ አይዋሽም፣ የሚዋሸው አስታማሚ ነው እላለሁ፤ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ እኔ ብዙ በር አለኝ ጋሼ። አንዱ ቢዘጋ ሌላውን አንኳኳለሁ። እርስዎ ያለዎት ይሄ በር ብቻ ነው" አለችኝ።

ይሄን የተናገረችው ስሟ በአንድ ጠዋት ሊጠፋ የነበረ ሴት ናት።

አደራውን አልነጠቀችኝም። ሰዓትዎን ይለውጡም አላለችኝም። እንዲያውም፣ "በየጠዋቱ እንደ ድሮው ያስተያዩ። በሱና በእርስዎ መካከል ድፍን ስድስት ካለ ጤነኛ ነው፤ አይንኩት። ከስድስት ከወጣ ይደውሉልኝ" አለችኝ። የኔ ግትርነት መለኪያ ሆነ። ያ ማሽን ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት እምቢ አላለም። ሰኞ ማታ በስብሰባው አቶ ሰይፉ ታሪኩን አወራ፣ ሰው ሳቀ፣ በሳምንቱ አራት አዲስ ቢሮ ጠራት። ከመሀል ከተማ የመጣው ሰውዬ ራሱ ያቃተውን ማሽን ይዞ ናሙዎንጎ ድረስ ይሄድላት ጀመር። አሁን እሱም ብሎን በእንቁላል ትሪ ላይ ይደረድራል አሉኝ።

ቀልዱ ግን ተጣብቆባት ቀረ። ሠርግ ላይም ክርስትና ላይም "ራሷ አሳምማ ራሷ አዳነችው" ይሏታል። እሷ አብራ ትስቃለች። እኔ ከሩቅ ቆሜ እግሬ ያመኛል።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። አቶ ሰይፉ ያን ተናግሮ ሰው ፈገግ ሲል ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ክንዴን ከፍ አደረግኩ።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አልኩ።

ሰው ግራ ተጋባ። ሽማግሌው ሐዘን አናወጠው ያሉኝ ይመስለኛል። አንዱ ስልኩን አይቶ "ዘጠኝ" አለ። ሌላውም "ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለ።

"ስልክህ ላይ ያለውን አንብብልኝ" አልኩት።

ዝቅ ብሎ አየ። "ሦስት" አለ።

"የኔ ግን ዘጠኝ ይላል። ያን ማሽን በየጠዋቱ ያሳመምኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ሰዓት። ዘነቡ ያዳነችው ብቻ ነው" አልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁት፤ ባትሪውን፣ ክንዷንና ክንዴን፣ የረገጠችኝን እግር። ስድስት ሰዓት ድፍን ይስታል ያልኩት ቦታ ላይ ስደርስ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እህቷ እንባዋ እየወረደ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ዘነቡ፣ ዘነቡ" ትላለች። በለቅሶ ቤት እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም አላፈረበትም።

አቶ ሰይፉ ብቻ አልሳቀም። አጠገቤ መጣና ቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል።

"ጋሽ በላቸው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?"

"እግሬን ረግጣኝ ነበር።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬማ" አልኩት፣ "እግሯን አነሣች።"